ጠብቆ ነው ላልቶ?

ልብስ ሰፊዋ የባሏን አባት ትፈራቸው ነበር። ክፉ ሆነውባት አይደለም፤ ቁጣም ስድብም ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የፈራችው ዝምታቸውን ነው። አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ ገጽ ሲደረድሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት መሃል ማውራት ትርፉ ጉሮሮ መላጥ ስለነበር ዝም ማለትን ለመዱ፤ ጡረታ ሲወጡም ዝምታቸውን ይዘውት ወጡ። የሥራ ጓደኞቻቸው «አባ ዝምታ» ይሏቸው ነበር።

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንዴ ከወጣ አሥራ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ሃያ ቀን አይመለስም። ስለዚህ ከተጋቡ ጀምሮ ከባሏ ይልቅ ከወላጆቹ ጋር ያሳለፈችው ቀን ይበልጣል። ከእናቱ ከእማማ ጋር ችግር አልነበራትም። እማማ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ፣ ወሬያቸው የማያልቅ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሴት ናቸው። አባባ ግን ጠዋት «ደህና አደርሽ»፣ ማታ «ደህና እደሪ» ይሏታል፤ በቃ። እሷም በልቧ «አልወደዱኝም ማለት ነው» እያለች፣ እሳቸው ሳሎን ሲገቡ የስፌት መኪናዋን ፔዳል እንኳ ቀስ አድርጋ ትረግጥ ነበር።

አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሳምንታዊ መጽሔት ይገዛሉ። የሚያነቡት የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ መስቀለኛ ቃላት አለ። አዘጋጁ ስሙን አይጽፍም፣ «እሾህ» ብሎ ነው የሚፈርመው፤ የሚሰጣቸው ፍንጮችም እንደ ስሙ ናቸው። አንድ እሁድ ጠዋት አባባ መጽሔቱን ጠረጴዛ ላይ ክፍት አድርገው ሊታጠቡ ገቡ። ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛውን ልትወለውል ስታነሳው ዓይኗ አንድ ፍንጭ ላይ አረፈ፦ «ጠባብ ያልሆነ ባለ መርፌ (2 ፊደል)»።

ፈገግ አለች። እርሳሱን አነሳችና ሁለቱን ባዶ ሳጥኖች ሞላቻቸው። ወዲያው ክው አለች። የሰው ዕቃ! የእሳቸው መጽሔት! በላጲስ ለማጥፋት ስትፈገፍግ ወረቀቱ ተቀደደባት፣ እንደዚያው እንደያዘችው አባባ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ከኋላዋ ቆመው አገኘቻቸው።

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጄ ነው እንጂ...»

«እንዴት አወቅሽው?»

«ሰፊ ነዋ» አለች። «ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነው። ሲላላ ደግሞ እኔ ነኝ።»

አባባ የተቀደደውን ወረቀት አዩ። ከዚያ ወንበር ሳቡ፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለእሷ።

እንዲህ ተጀመረ። ቀጣዮቹ አራት ወራት ቅዳሜ ከሰዓት የሁለቱ ሆነ። አባ ዝምታ የተባሉት ሰውዬ ስለ ፍንጭ ሲሆን እንደ ቧንቧ ይፈሱ ነበር። «መጀመሪያ የሚጠብቅ የሚላላውን ፈልጊ» ይሏታል። «'ውሃ ውስጥ ያለው አለቃ' ካለሽ ሌላ አይደለም፣ ዋና ነው። ቀጥሎ የተደበቀውን ፈልጊ። 'ሰካራም ሆድ ውስጥ ያለ ስለት' ሲልሽ ቃሉን ራሱን ቅደጂው፤ ሰ፣ ካራ፣ ም። አንዳንዱ ደግሞ በሁለት ቃላት መሃል ይተኛል። 'የሰው ሃሳብ ውስጥ የሚጠጣ አለ' ይልሻል። ሰው ከሚለው መጨረሻውን፣ ሃሳብ ከሚለው መጀመሪያውን ውሰጂ።»

«ውሃ!» አለች።

«ውሃ።»

የሚገለባበጡትን በመፍታት ግን እሳቸውን የሚያህል ሰው አልነበረም። የእርሳስ ፊደል ፊቱ የዞረ ስለሆነ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቃላትን ከኋላ ወደ ፊት ሲያነቡ ኖረዋል። መንገድ ላይ ማስታወቂያ ሲያዩ እንኳ ቀድሞ የሚታያቸው የተገለበጠው ነው።

አንድ ዓይነት ፍንጭ ግን እምቢ አላት። አንድ ቅዳሜ እሾህ እንዲህ ብቻ ጻፈ፦ «ጅል (3፣ 2)»። ሌላ ምንም የለም። ሦስት ፊደል ያለው ቃልና ሁለት ፊደል ያለው ቃል ነው የሚፈለገው። ሞኝ፣ ቂል፣ ተላላ፣ የዋህ፤ ያላሰበችው አልነበረም። አንዱም አልገጥም አላት። ሰባት ቀን ተሸክማው ዞረች፤ ሱሪ ስታሳጥር፣ ዚፕ ስትቀይር፣ «ጅል፣ ጅል» ትላለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጽሔቱ ላይ አቀርቅራ እንባዋ ጠብ አለ።

እማማ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። «ፊደል ያስለቅሳል እንዴ? እኔ እኮ ሽንኩርቱ ያንቺን ዓይን ያገኘው መስሎኝ ነበር።»

አባባ ግን አልሳቁም። «ይሄ ሰውን ሁሉ ያስቸግራል» አሉ። «እኔ ጀርባ ነው የምለው። በሌላው ፍንጭ እሾህ ይጠይቃል፣ አንቺ ትመልሻለሽ። እዚህ ግን መልሱን ሰጥቶሻል። የሚፈልግብሽ ጥያቄውን ነው። ጅል የሚል መልስ እንዲመጣልሽ ብትፈልጊ ምን ብለሽ ትጠይቂ ነበር?»

አሰበች። «ልጅን ብገለብጠው ጅል ይሆናል።»

«በሦስትና በሁለት ፊደል በይው።»

«የ... የዞረ ልጅ!»

አባባ እርሳሱን ሰጧት። ጻፈችው። ያን ቀን ማታ «ደህና እደሪ» ሲሏት «ልጄ» የምትል ቃል ጨመሩባት።

ከዚያ በኋላ በነበረው ማክሰኞ እማማ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ አባባና ልብስ ሰፊዋ አብረዋቸው ሄዱ። ክሊኒኩ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። እማማ ሊፍት እንደ አውሬ ይፈራሉ፤ ሲወጡ ዓይናቸውን ጨፍነው የምራታቸውን ክንድ ሥጋው እስኪቀላ ጨብጠው ነበር። ጉልበታቸው የሚችል ቢሆን ኖሮ ዘጠኙንም ፎቅ በደረጃ ይወጡ ነበር። ሐኪሙ የዓይን ብሌናቸውን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመረባቸውና ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ሁሉ ነገር እንደሚደበዝዝባቸው ነገራቸው። ስለዚህ ሲወርዱ እማማ የሚፈሩትን ነገር ጭራሽ ሳያዩት ነው የገቡበት።

በሩ ተዘጋ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ግድም ነው፣ ከሦስቱ በቀር ሰው አልነበረም። ቁጥሩ ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት እያለ ወረደ። ከስድስት በኋላ ወለሉ ከእግራቸው ሥር ዘፍ አለ፣ አንድ ነገር ከላይ ጓ አለና ሁሉም ጨለመ። ትንሽ ቆይቶ ከቁልፎቹ በላይ አንዲት ደካማ አምፖል በራች።

«ምንድን ነው? ደረስን?» አሉ እማማ።

ልብስ ሰፊዋ የደወሉን ምልክት ተጫነች። ዝም። ደግማ ተጫነች። ከዚያ በሩን በመዳፏ ደበደበችው።

«ሰው አለ? ኧረ ሰው!»

ብዙ ቆይቶ ከሩቅ፣ ከበታቻቸው፣ የወንድ ድምፅ መጣ። የሕንጻው ጥበቃ ነው። «መብራት ሄዶ ነው! ጀነሬተሩም እምቢ ብሏል! ሊፍት የሚጠግነው ሰውዬ ተደውሎለታል፣ መንገድ ላይ ነው! ተረጋጉ!»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«መንገዱ ከተከፈተለት ግማሽ ሰዓት!»

«ግማሽ ሰዓት!» እማማ ጮኹ። «ግማሽ ሰዓት አየር ይበቃናል? አየሩ አሁን እያለቀ ነው፣ አይሰማችሁም? አንገቴን አነቀኝ እኮ!» ትንፋሻቸው ቶሎ ቶሎ ይል ጀመር። አምና በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ እንዲህ እንዲህ ብለው ነበር ራሳቸውን ስተው የወደቁት፤ ያን ጊዜ ግንባራቸው ተሰንጥቆ አራት ቦታ ተሰፍተዋል።

«አየሩማ በስንጥቁ ይገባል እማማ። ይኸው፣ እጅዎን ያምጡ፣ ንፋሱ ይሰማዎታል» አለች። የእማማን ጣቶች በሩ መገጣጠሚያ ላይ አስቀመጠች። እሷ ግን ከእግሯ በታች አምስት ፎቅ ባዶ ጉድጓድ እንዳለ ማሰብ ማቆም አልቻለችም። ገመዱ ስንት ዓመቱ ነው? ማን አይቶት ያውቃል?

ያኔ አባባ ተናገሩ። ከማዕዘኑ፣ በጣም በቀስታ።

«ልጄ። አንድ ፍንጭ ልስጥሽ።»

ተናደደች፤ እውነቱን ለመናገር ተናደደች። በዚህ ሰዓት ጨዋታ! «እሺ አባባ» አለች ሳትዞር።

«ብል።»

«የትኛው ብል?» አሉ እማማ። «ቀሚሴ ላይ ነው? ያ አረንጓዴው ቀሚሴ ላይ? ሳጥኑ ውስጥ አትክተቱት ብዬ ነበር እኮ!» በእጃቸው ቀሚሳቸውን መዳሰስ ጀመሩ።

ልብስ ሰፊዋ ብልን ከሥራዋ ታውቀዋለች፤ ስንት የሱፍ ኮት በስቶባታል። «ልብስ የሚበላ ትል» አለች፣ ለመገላገል ያህል።

«አይደለም። ሦስት፣ ሁለት ነው። ያ ያስለቀሰሽ ዓይነት።»

ጀርባ። መልሱ ተሰጥቷል፣ ጥያቄው ነው የሚፈለገው። ብል የሚመጣው ምን ሲገለበጥ ነው? ብ፣ ል። ል፣ ብ።

የዞረ ልብ።

ቀስ ብላ ዞረች። አባባ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቆመዋል። በዚያች ደካማ ብርሃን ፊታቸው እንደ አመድ ነጥቷል። ከጢማቸው በላይ ላብ ተንጠልጥሏል። ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ ሸሚዛቸውን ጨብጦ ይዟል። ዓይናቸው ወደ እማማ ሄደ፣ ወደ እሷ ተመለሰ፣ ራሳቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ነቀነቁ። አትንገሪያት ማለታቸው ነው።

ልቧ ስንጥቅ አለ። እማማ የአባባን ፊት ማየት አይችሉም፤ ዓይናቸው ውስጥ ያለው ጠብታ ሁሉን ጉም አድርጎባቸዋል። ጆሯቸው ግን ደህና ነው። «ልቤን አመመኝ» የምትል ቃል ብትወጣ እማማ እዚያው ይወድቃሉ፣ ያኔ የወደቁት ሁለት ይሆናሉ፣ እሷ ደግሞ አንድ ናት።

«አገኘሁት አባባ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። ምን ብላ ትጠይቅ? «ይሄ ቃል... ጠብቆ ነው ላልቶ?»

አባባ ገባቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጠብቋል። በጣም ጠብቋል።»

«በአግድም ነው በቁልቁል?»

«በአግድም ጀመረ። አሁን በግራ በኩል ቁልቁል ወርዷል። እስከ ትንሿ ጣት።»

«ሁለታችሁም ጤነኛ አይደላችሁም» አሉ እማማ፣ እያለቀሱ። «ሰው በቁሙ ተቀብሮ ፊደል ይቆጥራል?» ሆኖም የሁለቱ ጨዋታ ትንሽ አረጋግቷቸዋል፤ ትንፋሻቸው ረገብ ብሏል። ለጨዋታ ጊዜ ካላቸው ነገሩ እንደሚመስለው አይከፋም ብለው ይሆናል።

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አወጣች። ለባሏ ጻፈች፦ «አባባን ልባቸውን አሟቸዋል። ሊፍት ውስጥ ተይዘናል። ሰው ላክልን።» ላከችው። በብረቱ ሳጥን ውስጥ ኔትወርክ የሚባል የለም። ስልኩን ወደ ጣሪያው አነሳችው፣ ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠጋችው፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። «አልተላከም» ይላል። ደግማ ላከችው። «አልተላከም»። ቢደርሰውስ ምን ያደርጋል? ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ መሪ ይዟል።

አባባ በግድግዳው ላይ እየተንሸራተቱ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ምንድን ነው የተንኳኳው?» አሉ እማማ።

«ደክሞኝ ቁጭ ብዬ ነው» አሉ አባባ። እያንዳንዷን ቃል ለየብቻ ነው ያወጧት።

ጊዜው አልሄድ አለ። ልብስ ሰፊዋ የስልኳን ሰዓት እያየች የእሳቸውን ትንፋሽ ትቆጥራለች። ስድስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። አንድ ጊዜ ትንፋሹ የቀረ መስሏት እጇን አፋቸው ፊት አደረገች፤ ሞቅ ያለ አየር ሲነካት ራሷም መተንፈስ ረስታ እንደነበር አወቀች። ጥበቃው ከታች «እየመጣ ነው! አደባባዩ ጋ ደርሷል!» ብሎ ጮኸ። የሚመጣው ግን የሊፍት ጠጋኝ ነው። ሐኪም የጠራ የለም፤ ሐኪም እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሰው ከዚህ ሳጥን ውጭ የለም።

ለጥበቃው በዘዴ ልትነግረው ሞከረች። አፏን ስንጥቁ ላይ አድርጋ፣ «ወንድሜ! ያ ነጭ ልብስ የሚለብሰው ሰውዬም ይምጣ!» አለች።

«ምን?»

«ነጭ ልብስ! ነጭ ካፖርት!»

«ካፖርት ጥላችኋል?»

«አይደለም! ያ... የሚያዳምጠው ሰውዬ!»

«ሬዲዮ ነው?»

ወደ አባባ ዞረች። ከንፈራቸው ሰማያዊ ወደ መሆን አዘንብሏል። አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አትንገሪያት። እኚህን ሰው ዓመት ሙሉ ፈርታቸዋለች። ቃላቸውን ጥሳ አታውቅም፣ ቃላቸውን ለማግኘት ስንት ወር ፈጅቶባታል። እማማንም ፈራች፣ ከእማማ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ ይበልጥ ፈራች። ከሁሉም በላይ ግን ያቺን የምትሰማውን ትንፋሽ ፈራች፤ እያጠረች ነው።

በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። «የልብ ሕመምተኛ አለ!» ብላ ጮኸች። «ሰማህ? ሽማግሌ ሰው ነው፣ ልቡን ይዞታል! ሐኪም ጥራ! አምቡላንስ ጥራ! አሁኑኑ!»

ከታች የሚሮጥ ኮቴ ተሰማ።

እማማ ክንዷን ለቀቁ። ልብስ ሰፊዋ ሊወድቁ ነው ብላ እጆቿን ዘረጋች። እማማ ግን አልወደቁም።

«ማነው የልብ ሕመምተኛ?»

«አባባ ናቸው።»

እማማ ግድግዳውን እየዳሰሱ ሄዱ፤ ተንበረከኩ። እጃቸው የባላቸውን ጫማ፣ ጉልበት፣ ትከሻ፣ ፊት አገኘ። «ላብ በላብ ሆነሃል» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፣ ግን አልተሰበረም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አሁን ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልኩህ?»

«ብል... ካልኩ ጀምሮ።»

«ብል ካልክ ጀምሮ! እኔ ቀሚሴን ስፈትሽ!» የእጅ ቦርሳቸውን ከፈቱና በጣታቸው ይጎረጉሩ ጀመር። መሐረብ ወጣ፣ ቁልፍ ወጣ፣ የመነጽር ቤት ወጣ። «አንቺ፣ ይሄን እዪልኝ። ለራስ ምታቴ የምይዘው አስፕሪን ነው?»

ልብስ ሰፊዋ በስልኳ መብራት አነበበችው። «አዎ፣ አስፕሪን ነው።»

«አፉ ውስጥ ክተቺለት። እንዳይውጠው፣ ያኝከው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ቤት አንሶላ ብቻ አይደለም ያጠብኩት፣ ጆሮም ነበረኝ። አኝከው አንተ ሰውዬ! መራራ ነው ብለህ ፊትህን እንዳታጨማድድ፣ ባላይህም አውቅሃለሁ።»

አባባ አኘኩ። እማማ ጭንቅላታቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ያዟቸው። እማማ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ጥርሳቸው ሲጋጭ ይሰማል። ግን ወሬያቸውን አላቋረጡም፤ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ጎረቤት ዶሮ፣ ጣሪያው ስለሚያፈስበት ቦታ አወሩ። ልብስ ሰፊዋ ሁለቱን እያየች አንድ ነገር ብቻ ያንገበግባት ነበር፤ ያ ክኒን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። የደበቁባቸው ሴትዮ ቦርሳ ውስጥ።

ሊፍቱ በድንገት ነቅነቅ አለ። ሦስቱም ጮኹ። ጠጋኙ ደርሶ ከላይ ሆኖ የሊፍቱን ማሽን በእጁ እያዞረ ነው፤ ሳጥኑ በስንዝር በስንዝር እየተንገጫገጨ ወጣ፣ ከዚያ ቆመ። በሩ በብረት ተፈልቅቆ ሲከፈት የስድስተኛው ፎቅ ወለል ደረታቸው ጋ ነበር። ከላይ የጥበቃው ፊትና የአንድ ጎልማሳ ፊት ታየ። በሳጥኑና በግድግዳው መሃል ደግሞ ጠባብ ጥቁር ክፍተት አለ፤ ጉድጓዱ።

«በመጀመሪያ ሽማግሌውን!» አለ ጥበቃው።

ልብስ ሰፊዋ አባባን ከሥር አቀፈቻቸው። እንዲህ ይከብዳሉ ብላ አላሰበችም። ግማሽ አካላቸው ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሲሆን ሊፍቱ ጣት የምታህል ዝቅ አለ። አሁን ቢወርድ እሳቸውን ለሁለት እንደሚቆርጣቸው አየች፤ ነገሩ ሆኖ ያለቀ ያህል በዓይኗ አየችው። ዓይኗን ጨፍና ገፋች። ክብደቱ ከእጇ ሲወጣ ወለሉ ላይ ተዘረጋች።

ቀጥሎ እማማን አወጡ፣ በመጨረሻ እሷን። ጎልማሳው ነጭ ካፖርት ለብሷል። ጥበቃው ሮጦ በቅርብ ያገኘው ሐኪም እሱ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም። «እኔ እንኳ ጥርስ ነው የምነቅለው» አለ እየፈራ፣ ግን የደም ግፊት መለኪያ ይዞ መጥቷል፣ አምቡላንሱ እስኪደርስም የአባባን እጅ አልለቀቀም።

አባባ ተረፉ። ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ወጣት ሐኪም በማግስቱ ኮሪደር ላይ ወጥታ፣ «አስፕሪኑን የሰጣቸው ማነው?» ብላ ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ በጣቷ ወደ እማማ አመለከተች። «ጥሩ አድርገዋል እናቴ» አለች ሐኪሟ። «ትንሽ ቀደም ቢሉ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነበር።»

እማማ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ለምራታቸውም ለባላቸውም ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልተነፈሱም። ምግብ ያመጣሉ፣ አንሶላ ያስተካክላሉ፣ ትራስ ያነሳሉ፤ ዝም። ልብስ ሰፊዋ በዚያ ቤት ውስጥ የእማማ ዝምታ ምን እንደሚመስል አታውቅም ነበር። ከአባባ ዝምታ ይልቅ አስፈራት። ማታ ማታ ባሏ ከመንገድ እየደወለ «ምን ሆናችሁ?» ሲላት «አባባ ደህና ናቸው» ብቻ ትለዋለች።

በአሥረኛው ቀን እማማ የሆስፒታሉን ወንበር በሁለቱ መሃል አስቀመጡና ተቀመጡ።

«ስሙኝ» አሉ። «አርባ ዓመት ከዚህ ሰውዬ ጋር ኖሬያለሁ። ሲያመው እዚያው ፊቴ በፊደል ተጠቅልሎ ሲነገርብኝ፣ እኔ ማነኝ? ጎረቤት ነኝ?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው» አሉ አባባ።

«ልደንግጣ! ድንጋጤ የኔ ነው፣ ማን ንጠቀኝ አለህ? በፍርሃት ልወድቅ እችል ነበር፣ እውነት ነው። ግን ልወድቅ እችላለሁ ብላችሁ ወስናችሁ፣ ሳልወድቅ ጣላችሁኝ።» ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አንቺንም ነው። በመጨረሻ ጮኸሻል፣ ምስጋናዬ ነው፣ ባትጮኺ ዛሬ ጥቁር ለብሰን ነበር። ግን ሃያ ደቂቃ ፈጀብሽ።»

«ፈርቼ ነው እማማ» አለች። እንባዋ መጣ። «እሳቸውንም እርስዎንም ፈርቼ።»

«አውቃለሁ። ፊደል ስታገላብጡ እኔ አልከለክልም፣ ተጫወቱ። ሕመም ግን እኔ ባለሁበት ቤት በቀጥታ ነው የሚነገረው። አመመኝ፣ እዚህ ጋ። አለቀ።»

አባባ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እማማ ተነሥተው የምራታቸውን ጭንቅላት ሳብ አድርገው ግንባሯን ሳሙት፣ ከዚያ «ሾርባው ቀዘቀዘ» ብለው ወጡ።

አባባ ቤት ከገቡ በኋላ መጽሔቱ ተመለሰ። ቅዳሜውም ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋ ግን እንደ በፊቱ አልሆነችም። አባባ ፍንጭ ሲያነቡላት ጆሮዋ ቃሉን ከመስማቱ በፊት ዓይኗ ፊታቸውን ይፈትሻል፤ ላብ አለ? ከንፈራቸው ምን መስሏል? እጃቸው የት ነው? ቃሉን ገና እንደሰማችው ትረሳዋለች። ከእነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ ቀላል ፍንጭ፣ ጀማሪ የሚፈታው፣ ሦስት ጊዜ አንብበውላት ሦስት ጊዜ አጣችው።

አባባ መጽሔቱን አስቀመጡ። «ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«በቀጥታ» አሉ፣ ወደ ወጥ ቤቱ በዓይናቸው እያመለከቱ። እማማ ውስጥ ሳህን ያጥባሉ።

ልብስ ሰፊዋ ክሩን ከመርፌው አወጣች፣ መልሳ አስገባችው። «እፈራለሁ አባባ» አለች። «አፍዎን በከፈቱ ቁጥር ሌላ ነገር ሊሉኝ ይመስለኛል። ድምፅዎ ዝግ ሲል እጄ ወደ ስልኬ ይሄዳል። ሌሊት ሲያስሉ ሰምቼ ተነሥቼ በር ላይ ቆሜያለሁ።»

አባባ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ አንከባለሉ። የድሮው ዝምታቸው የመጣ መሰላት።

«እኔም እፈራለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ካልሲዬን ሳጠልቅ እፈራለሁ። ጎንበስ ስል አንድ ነገር የሚበጠስ ይመስለኛል። ለማንም አልተናገርኩም።»

የሳህኑ ኳኳታ ቆሟል። እማማ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ካልሲውን ለምን አትነግረኝም?» አሉ። «ቁጭ ብለህ እግርህን ስጠኝ፣ ጨርሰናል።»

አባባ ሳቁ፤ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ልብስ ሰፊዋም መሳቅ ፈለገች። ግን ሲስቁም ቢሆን ደረታቸውን ነበር የምታየው፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ ሲል።